ዳማከሴ ለምች እንዴት ይጨመቃል? ጤና ጣቢያስ መቼ ይኬዳል?

ጅማ ገበያ ላይ አንዷ ሻጭ ዳማከሴ ትላችኋለች፣ ሌላዋ ቆሪቻ ሚቺ፣ በኦሮምኛ የምች መድሃኒት ማለት ነው፣ ቅጠሉ ያው አንድ ነው። በሶብላ እንዳይሰጧችሁ ብቻ፣ ዘመዳሞች ናቸው። በጣት ፈተግ አርጋችሁ አሽቱት፣ ልጅ ሆኖ ምች መቶት የተቀባ ሰው ሽታውን አይስተውም።

አሰራሩ ቀላል ነው። ዛሬ የተቆረጠ እርጥብ ቅጠል አንድ ጭብጥ ያዙ፣ በንፁህ ውሃ ደህና አርጋችሁ እጠቡት፣ ከዛ በመዳፍ አሽታችሁ ወይ በሙቀጫ ወቅጣችሁ በንፁህ ጨርቅ ጭመቁት። ጥቂት ጠብታ ቡና ላይ፣ የቀረው ግንባርና አንገት ላይ ይቀባል፣ አይን ጋ እንዳይደርስ። እንደ ሻይ አታፍሉት፣ እናቶቻችን በጥሬው ነው የሚጨምቁት። ይሄ ነገር ቻይናዊቷን ቱ ዩዩን ያስታውሰኛል፣ የወባ መድሃኒት ስትፈልግ ሙቀቱ የምትሞክረውን ሌላ ቅጠል እያበላሸባት ነበር፣ አንድ የድሮ መፅሀፍ ላይ በውሃ ነክረህ ጨምቀህ ጠጣው የሚል አየችና በዝቅተኛ ሙቀት ሞከረችው፣ ተሳካላት፣ በ2015 ኖቤል ወሰደች። ጤና ጣቢያ ለወባ የሚሰጠን ኮአርተም ከዛ ቅጠል የመጣ ነው እኮ!

ዳማከሴም ተሞክሯል። ትኩሳት እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች ከቅጠሉ የወጣውን ሲሰጣቸው ትኩሳታቸው ወርዷል፣ ህመም የማስታገስ ነገርም ታይቶበታል። ግን አይጥ ነው፣ ለሰው ይሄን ያህል ተብሎ የተረጋገጠ ልክ የለም፣ ስለዚህ ለህፃንና ለነፍሰ ጡር ባታጠጡ ይሻላል።

ደግሞ ትኩሳት መውረዱ ወባውን ገደለው ማለት አይደለም። እኛ ቤት ወንድሜን ምች ነው ብለን ሶስት ቀን ስንቀባው ከርመን ወባ ሆኖ ተገኘ፣ አሁንም ሳስበው ያመኛል። ፋልሲፓረም የሚባለው አይነት ሳይታከም በ24 ሰአት ውስጥ ሊከፋ ይችላል። በተለይ ግልገል ጊቤ አካባቢ አድራችሁ ከመጣችሁ ብርድ ብርድ ሲላችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ጣት ተወግቶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ውጤቱ ይታወቃል፣ ወባ የለም ከተባለ ተመልሳችሁ ቡናውን አፍሉ።

ችግኝ ካገኛችሁ ጓሮ ትከሉት፣ ሌሊት ለሚነሳ ራስ ምታት ገበያ አይጠበቅም።