የግቢ በር ሞተር፦ ጥፋቱ የሞተሩ ነው ወይስ የበሩ?

ክረምት ላይ፣ ያ የደሴ ዝናብ ሲወርድ፣ ከመኪና ወርዶ ከባድ የላሜራ በር መግፋት ማን ይወዳል? በሪሞት የሚከፈት በር ያስመኛል። ችግሩ ሞተሩ የሚመረጠው በዋጋውና በሻጩ ምላስ መሆኑ ነው። በሩን ማንም አይጠይቀውም። ከዚህ በታች ያሉት የብልሽት ምልክቶች ናቸው። ገና ያልገዛችሁም አንብቡት፤ ብዙው ብልሽት የሚጀምረው ሱቅ ውስጥ፣ ብር ሲቆጠር ነው።

ሞተሩ ያጉረመርማል፣ በሩ አይነቃነቅም

መጀመሪያ ሞተሩን እርሱት። በቁልፍ የሚለቀቅ መፍቻ አለው፤ እሱን ፍቱና በሩን በእጃችሁ ግፉት። አንድ ሰው ሳይጨነቅ ከዳር እስከ ዳር ማንሸራተት ካልቻለ ጥፋቱ የበሩ ነው። ወይ የታችኛው ጎማ ኩሽኔት አልቋል፣ ወይ ሐዲዱ ውስጥ ጠጠር ገብቷል፣ ወይ ሐዲዱ ራሱ ሰምጧል። ከዳገት የሚወርድ ጎርፍ ሐዲድ ላይ አሸዋ ጥሎ ይሄዳል። ኩሽኔቱን አስቀይሩ፣ ሐዲዱን ጥረጉ። ሐዲዱን ግራሶ አትቀቡት፤ አቧራውን ሰብስቦ እንደ ሊጥ ይቦካል።

በሩ በእጅ ሲገፋ ቀላል ከሆነና ሞተሩ ብቻ ካቃሰተ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው ካፓሲተር ነው። በ220 ቮልት በቀጥታ የሚሠሩ ሞተሮች ለመነሳት ካፓሲተር ይፈልጋሉ። እሱ ሲደክም ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። መቀየሩ ቀላል ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ማይክሮፋራድና ቮልት መመሳሰል አለበት። መብራት ከተቆረጠ በኋላም ቻርጅ ይዞ ስለሚቆይ ግን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉት።

ሁለተኛው የቮልት መውረድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ከሆነ ቮልቱን አስለኩ። የእንዲህ ዓይነት ሞተር ጉልበት የሚቀንሰው ቮልቱ ከቀነሰው በላይ ነው። 220 ወደ 180 ሲወርድ ከጉልበቱ ሲሶው ይሄዳል።

ከሁሉ በፊት ግን ክብደት አለ። ሻጩ «ይሄ ሁሉንም በር ይከፍታል» ሲላችሁ ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። አንድ ካሬ ሜትር የ2 ሚሊ ላሜራ 15.7 ኪሎ ይመዝናል። 4 ሜትር ወርድና 2.2 ሜትር ቁመት ያለው በር 8.8 ካሬ ነው። ላሜራው ብቻ 138 ኪሎ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ቱቦላሬው፣ አንጎላሬው፣ እኛ የምንወደው የብረት አበባና ጌጥ ሲጨመርበት 250 ኪሎ ቢደርስ አይግረማችሁ። በሁለቱም በኩል ላሜራ የለበሰውንማ አስቡት። እኔ ሞተሩ ላይ የተጻፈው አቅም የበሩ ክብደት እጥፍ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ለዚህ በር የ500 ወይም የ600 ኪሎ። «ይጠነክራል» ብሎ የ1000 ኪሎ መግዛትም ጣጣ አለው። ኃይሉ በልክ ካልተስተካከለ ልጅ ወይም መኪና ሲነካ ቶሎ አይቆምም።

መሃል ላይ ይቆምና ይመለሳል

ምሰሶዎቹ ላይ ፊት ለፊት የተሰቀሉትን ሁለት ትንንሽ ዓይኖች እዩ። ፎቶሴል ይባላሉ፤ አንዱ የማይታይ ጨረር ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። በመሃላቸው የሆነ ነገር ካለ በሩ አይዘጋም። የጠዋት ጤዛ፣ የበጋ አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ ሁሉም እንደ እንቅፋት ይቆጠራል። በለስላሳ ጨርቅ ጥረጓቸው። የሚቆመው ሁልጊዜ ጠዋት ወይም ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ተቀባዩ ዓይን ውስጥ በቀጥታ እየገባች ይሆናል። የሁለቱን ቦታ አቀያይሩ። አንዳንድ ባለሙያ «እንቁረጠውና እንገላገል» ይላል። እሺ አትበሉት። ልጆች የሚሯሯጡበት ግቢ ነው።

ዓይኖቹ ንጹሕ ሆነው ከቀጠለ ትልቁ በር ላይ የተሠራችውን ትንሿን የሰው መግቢያ ጠርጥሩ። እሷ በደንብ ሳትዘጋ ትልቁ ሲንሸራተት ከምሰሶው ጋር ትላተማለች፣ ሞተሩም እንቅፋት አገኘሁ ብሎ ይመለሳል። መፍትሄው ትንሿ በር ላይ ማግኔት ያለው መቆጣጠሪያ ማስገጠምና ከሞተሩ የማስቆሚያ መስመር ጋር ማገናኘት ነው። እሷ ካልተዘጋች ሞተሩ አይነሳም። የድሮውን መቀርቀሪያም አስነሱት። ማታ ዘበኛው በልማድ ከጣለው ጠዋት ሪሞት ሲነካ ወይ ብረቱ ይጣመማል ወይ የሞተሩ ጥርስ ይበላል።

መፍቻው ሲፈታ በሩ ብቻውን ይሄዳል

ይሄ የደሴ በሽታ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር የተሠራ ከተማ ሜዳ ከየት ያመጣል? ሐዲዱ መንገዱን ተከትሎ ተዳፍቶ ከተሠራ ሞተሩ ሲከፍት ዳገት፣ ሲዘጋ ቁልቁለት ይሆንበታል። በአንድ በኩል ይለፋል፣ በሌላው ሊይዘው ይታገላል። መብራት ጠፍቶ አንድ ሰው መፍቻውን ሲፈታው ደግሞ 250 ኪሎ ብረት ያለ ፍሬን ይንደረደራል። ሞተር መቀየር ይህን አይፈታውም። ሐዲዱ በኮንክሪት ተነሥቶ በውሃ ልክ እኩል መሆን አለበት። በሩ ከሐዲዱ እንዳያልፍ በሁለቱም ጫፍ ጠንካራ መቆሚያ ይበየድ። ሞተር ባይኖራችሁም ይህችን ነገር አታሳድሯት፤ መቆሚያ የሌለው በር ወድቆ ሰው ይገድላል።

ተንሸራታች በር የመክፈቻውን ያህል፣ ከዚያም ትንሽ የሚበልጥ ነጻ አጥር በጎኑ ይፈልጋል። ቦታው ጠባብ ከሆነ በማጠፊያ የሚከፈት ባለ ሁለት ተከፋች ይሻላል። ግን ግቢያችሁ ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ ዳገት ከሆነ የተከፋቹ ታች መሬት ይነካል። ወይ በሩ ከፍ ብሎ ይሰቀል፣ ወይ አፈሩ ይቆረጥ። ወፍራም የድንጋይ ምሰሶ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፦ ማጠፊያው በውጭ ጠርዝ ከተተከለ ቀጥ ያለው የሞተር ክንድ ለመግፋት አመቺ ማዕዘን አያገኝም። የሚታጠፍ ክንድ ያለውን ጠይቁ። ልኬቱ ሳይወሰድ ሞተር አትግዙ።

መብራት ሲጠፋ ውጭ እንቀራለን

አብሽሩ፣ መላ አለው። በ24 ቮልት የሚሠሩ ሞተሮች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይቀበላሉ። መብራት ቢጠፋም ለተወሰነ ጊዜ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር ከ220ው ይልቅ እነዚህን እመክራለሁ፤ የቮልት መዋዠቅንም ይበልጥ ይችላሉ። ባትሪው ግን ያረጃል። ዓመት ሲያልፈው ዋናውን መብራት አጥፍታችሁ ሞክሩት። የመፍቻው ቁልፍም ሳሎን መሳቢያ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ። ግቢው ሌላ መግቢያ ከሌለው ከውጭ የሚፈታ መፍቻ የግድ ነው።

መብራት መጥቶም ሞተሩ ዝም ካለ ፊውዙን እዩ። ፊውዙ ደህና ከሆነ የሞተሩ መቆጣጠሪያ ቦርድ ተቃጥሎ ይሆናል። ብዙ ጊዜ መብራት ሲመለስ አብሮ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ነው የሚጨርሰው። ለሞተሩ የራሱ ብሬከር፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ቮልት የሚቆርጥ መከላከያ፣ ደህና የመሬት ሽቦ ይኑረው። ይሄ ሁሉ ከአዲስ ቦርድ ይረክሳል።

በተደጋጋሚ ሲከፈት ይደክመዋል

ብዙ ተከራይና ብዙ መኪና ያለበት ግቢ ላይ ያጋጥማል። ደጋግሞ ሲሠራ ውስጡ ይሞቅና ራሱን ያጠፋል። አርፎ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ብልሽት አይደለም፣ ምርጫው ነው የተሳሳተው። ሲገዛ በሰዓት ስንት ጊዜ መክፈት እንደሚችል መጠየቅ ነበረበት። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ሞቅ ይላል፤ እዚያ ሞተሩ ከቀትር ፀሐይ ጥላ ቢደረግለት ይጠቀማል።

ቤቱ ሥር ያለ ወደ ላይ የሚከፈት በር ካላችሁ ግን ስፕሪንጉን አስታውሱ። የበሩን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ሞተሩ ተፈትቶ በሩ ወገብ ላይ ሲለቀቅ ባለበት መቆም አለበት። ከወደቀ ስፕሪንጉ ላልቷል። ራሳችሁ እንዳትነኩት፤ የተወጠረ ስፕሪንግ ክንድ ይሰብራል።

ሪሞቱ ከሩቅ አይሰማም

መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ። ካልሆነ የተቀባዩን፣ ማለትም የሪሞቱን ምልክት የሚይዘውን ዕቃ፣ አንቴና ሽቦ እዩ። ሞተሩ ሽፋን ውስጥ ተጠቅልሎ ወይም ከብረት ጋር ተለጥፎ ይገኛል። አውጥታችሁ ወደ ላይ አቁሙት። ስትገዙ ኮዱ በየጊዜው የሚቀያየረውን ሪሞት ምረጡ፤ ቋሚ ኮድ ያለው በቀላሉ ይገለበጣል። ሪሞት ከጠፋ ወይም ተከራይ ይዞት ከሄደ ሁሉንም ከተቀባዩ አስጠፉና በእጃችሁ የቀሩትን ብቻ እንደገና አስመዝግቡ።