ብርድ አይገባም፣ ሙቀት ነው የሚወጣው

ደሴ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የማትቀር ነገር አለች። «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ!» እናቴ ትላለች፣ እኔም እላለሁ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪውን የእህቴን ልጅ ሳስጠና ግን ይቺው አባባል ጉድ ሠራችን። «ቅዝቃዜ ከበረዶው ወደ እጅ ተላለፈ» ብሎ ጽፎ መጣ። ቅዝቃዜ የሚባል ተጓዥ የለም። የሚጓዘው ሙቀት ነው፣ እሱም በራሱ ሲሄድ ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው። በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር መግባቱ እውነት ነው፣ እናቴን አትንኩብኝ። በረዶ ስትጨብጡ ግን የሚቆረጥማችሁ ከእጃችሁ ሙቀት ስለሚወጣ ነው፣ ከበረዶው የሚገባ ነገር የለም።

ሁለተኛው ስህተት እኔንም ለዓመታት ሸውዶኛል። «ብረት ከእንጨት ይቀዘቅዛል።» በኅዳር ውርጭ ማለዳ ተነሡና የብረት አልጋውን እግር ንኩ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን የእንጨት በርጩማ። ብረቱ ይናከሳል፣ በርጩማው ምንም አይልም። ሁለቱም ግን አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደሩት፣ ቴርሞሜትር ብታስጠጉባቸው እኩል ናቸው። እንበል ሁለቱም 12 ዲግሪ፣ ጣታችሁ ደግሞ 30። ብረቱ ከጣታችሁ የወሰደውን ሙቀት እዚያው አያስቀምጠውም፣ ወዲያው ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል፣ ስለዚህ የነካችሁት ቦታ እንደቀዘቀዘ ይቆይና መውሰዱን ይቀጥላል። እንጨቱ ማሳለፍ አይችልበትም። የተነካው ቦታ ቶሎ ለብ ይላል፣ በቃ፣ መውሰዱም ይቀንሳል። ብረት ሙቀት በማሳለፍ እንጨትን በመቶዎች እጥፍ ይበልጠዋል። ቆዳችን ቴርሞሜትር አይደለም ማለት ነው፣ በአብዛኛው የሚሰማን ሙቀቱ የሚሄድበት ፍጥነት ነው። ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ስትነኩም ያው ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል።

«ጋቢ ያሞቃል» የሚለውም እዚሁ ይገባል። ጋቢ ውስጥ እሳት የለም! በድርብርቡ መሃል የታሰረው አየር የእናንተን ሙቀት እንዳያመልጥ ያዘገየዋል እንጂ። ካላመናችሁ ከፍሪጅ ሁለት እኩል በረዶ አውጡና አንዱን በደረቅ ጋቢ ጠቅልሉት። ልጆቹን አስወራርዱ፣ አብዛኞቹ የተጠቀለለው ቀድሞ ይቀልጣል ይላሉ። ይሸነፋሉ።

ሙቀትንና መጠነ ሙቀትን (ቴርሞሜትር የሚያሳየውን ዲግሪ) ማምታታት ደግሞ አለ። 80 ዲግሪ የሆነ አንድ ስኒ ቡናና 35 ዲግሪ የሆነ 10 ሊትር የገላ ውሃ፣ የቱ ብዙ ሙቀት ይሰጣል? ቡናው ያቃጥላል፣ ስለዚህ ቡናው ይላሉ። እስቲ እናስላው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ 4,200 ጁል ይለቃል። 20 ዲግሪ እስኪደርሱ ብንተዋቸው፣ 70 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ስኒ ወደ 17,600 ጁል ይሰጣል፣ ባልዲው 630,000። ሠላሳ አምስት እጥፍ ገደማ።

ቀጣዩ ስህተት ትልልቆቹም ላይ አለ። «የመጠነ ሙቀት ልዩነቱ ከበዛ ሙቀቱ ይፈጥናል» ብለው ርቀቱን ይረሱታል። ልዩነቱ ለርቀቱ ሲካፈል ነው ነገሩ። ከውስጥ 25፣ ከውጭ 10 ዲግሪ ሆኖ ግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በሜትር 150 ዲግሪ ይሆናል። ግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 30 ብቻ። ግድግዳዎቹ የተሠሩበት ነገር አንድ ከሆነ በወፍራሙ የሚያልፈው ሙቀት አንድ አምስተኛ ነው። የድሮ ወፍራም የድንጋይ ቤቶች ቀን ቶሎ የማይግሉት፣ ሌሊትም ቶሎ የማይቀዘቅዙት አንድም ለዚህ ነው።

«ሙቀት ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣል» ለሚሉት አጭር መልስ አለኝ። የሚወጣው የሞቀ አየር ነው። ከሰሉ ጎን ስትቀመጡ ፊታችሁን የሚያግለው በጨረር የሚመጣ ሙቀት ነው፣ እሱ ላይና ታች አይመርጥም።

የመጨረሻው የእህቴ ልጅ ጥያቄ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጃኬቱን አወለቀና «ጋሼ፣ ደሴ ለፀሐይ አይቀርብም እንዴ? ታዲያ ለምን ይበርዳል?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ! ፀሐይ ያለችው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ናቸው፣ እና 650 ሜትር መቅረብ ከመቅረብ አይቆጠርም። ዋናው ነገር አየሩ ነው። አየር ሽቅብ ሲወጣ የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ በሁለቱ ከተሞች መሃል ወደ አራት ዲግሪ መሆኑ ነው።

ያው የግፊት ነገር ድስትም ውስጥ ይገባል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 94 ገደማ። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩ ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። እናቴ «ኮምቦልቻ ያለችው አክስትህ ሽምብራው ቶሎ ይበስልላታል» ስትል ሁልጊዜ ቅናት ይመስለኝ ነበር።