ውድቅ የሆነ የሜሶቴሊዮማ ካሳ ጥያቄ እንዴት ተቀባይነት አገኘ

በአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ቦይለር ክፍል የሠሩ አንድ አባት ሜሶቴሊዮማ (በአብዛኛው የሳንባን ሽፋን የሚያጠቃ ካንሰር) ተገኘባቸው። ለቪኤ (ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ያቀረቡት የካሳ ጥያቄ ግን ከአገልግሎቱ ጋር ያለው ግንኙነት አልተረጋገጠም ተብሎ ተመለሰ።

የባዮፕሲና የሲቲ ስካን ውጤት ደጋግሞ መላክ ምንም አልፈየደም። በሽታውን ማንም አልተጠራጠረም፤ የጎደለው በአገልግሎት ላይ ሳሉ ለአስቤስቶስ (ሙቀት ለመከላከል ቧንቧ ይጠቀለልበት ለነበረው የማዕድን ጭረት) መጋለጣቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ነበር። ዲዲ-214 የተባለው ከውትድርና የመሰናበቻ ሰነድ ብቻውንም አልበቃም፤ የሥራ መደቡን ይጠቅሳል እንጂ የዕለት ሥራውን አይዘረዝርም።

መፍትሔው የመጣው ሙሉ የአገልግሎት ፋይላቸው በኤስኤፍ-180 ቅጽ በሴንት ሉዊስ ከተማ ካለው የወታደሮች መዝገብ ማዕከል ሲወጣ ነው። አብሯቸው ያገለገለ ጓደኛ ደግሞ የቧንቧው መጠቅለያ ሲቀደድ ነጭ አቧራው እንዴት ይበን እንደነበር በ21-10210 ቅጽ መሰከረ። ከሁሉ የከበደው የካንሰር ሐኪሙ ደብዳቤ ነው። «ሊሆን ይችላል» የሚል ደብዳቤ ፋይዳ የለውም፤ በሽታው ከአገልግሎቱ የመምጣት ዕድሉ ቢያንስ 50 በመቶ መሆኑን ከነምክንያቱ ማስረዳት አለበት። በሽታው ከተጋለጡ ከአሥርት ዓመታት በኋላ እንደሚከሰትም ይጻፍበት።

አዲሱ ማስረጃ ውድቅ የሆነው ጥያቄ ዳግም እንዲታይ በሚጠየቅበት በ20-0995 ቅጽ ይገባል፤ ከውሳኔው አንድ ዓመት ካለፈ ግን የኋላ ክፍያው (ውዝፉ) ይጎዳል። ሕመሙ ለሕይወት አስጊ ስለሆነ ፋይሉ ቅድሚያ እንዲያገኝ 20-10207 ቅጽን አያይዙ። በሕክምና ላይ ያለ ሜሶቴሊዮማ የካሳውን መጠን በሚወስነው የጉዳት ደረጃ 100 በመቶ ይመደባል።

እውቅና ያላቸው የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ማኅበራት ወኪሎች በነፃ ያግዛሉ። ለመጀመሪያ ጥያቄ ክፍያ ለሚጠይቅ ሰው እባካችሁ አትፈርሙ። ከአስቤስቶስ አምራቾች ትረስት ፈንድ (ተጎጂዎችን ለመካስ ከተቀመጠ ገንዘብ) የሚጠየቀው ካሳ የቪኤውን አይቀንስም፤ ቀነ ገደብ ስላለው ጎን ለጎን ይጀመር።