ወላጅ በጽኑ ሲታመም ጸሎትና እገዛ ስለመጠየቅ

እናት ወይም አባት በጽኑ ሲታመሙ «ጸልዩልን፣ አግዙን» ማለት ለብዙዎች ይከብዳል፤ ሆኖም ማስታመምን ለብቻ መሸከም እጅግ አድካሚ ስለሆነ ጥያቄውን አታዘግዩት። በቅድሚያ፣ መናገር የሚችሉ ከሆነ፣ ስለ ሕመማቸው ለማንና ምን ያህል እንዲነገር እንደሚፈቅዱ ታማሚውን ራሳቸውን ጠይቁ፤ ምስጢሩ የእርሳቸው ነውና። ከዚያም «ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ስለሚደረግላቸው በዚያ ሰዓት በጸሎት አስቡልን» እንደሚለው ያለ ግልጽ መልእክት ላኩ፤ ሰው በምን ጉዳይ እንደሚጸልይ ሲያውቅ ከልቡ ይጸልያል። «ምን ልርዳችሁ?» ለሚላችሁም «ምንም አይደል» ከማለት ይልቅ፣ አንድ ሌሊት አብሮ ማደርን፣ መድኃኒት ገዝቶ ማምጣትን ወይም ልጆችን ከትምህርት ቤት መመለስን ጠቅሳችሁ ንገሩት። የታማሚውን ሁኔታ ለወዳጅ ዘመድ የሚያሳውቅ አንድ የቤተሰብ አባል መሰየምም ብዙ ድካም ይቀንሳል። የሃይማኖት አባት ከመጥራታችሁ በፊት የታማሚውን ፈቃድ ጠይቁ። በተለይ ኬሞቴራፒ (ለካንሰር የሚሰጥ የመድኃኒት ሕክምና) የሚወስዱ ታማሚዎች በሽታን የመከላከል አቅማቸው ሊዳከም ስለሚችል፣ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ በአካል ከሚመጣ በስልክ ቢጸልይላቸው ይሻላል። በጸሎት ስም መድኃኒት እንዲቋረጥ የሚመክራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ በአክብሮት እምቢ በሉት።