«መ. ቡ. 3» ምን ማለት ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ ሂርማታ ገበያ መሃል ቆሜ ከኪሴ ብጣሽ ወረቀት አወጣሁ። «መ. ቡ. 3» ይላል። የጻፍኩት እኔው ነኝ። «ቡ» ቡና እንደሆነ ገባኝ። ግን መግዛት ነው መላክ? 3 ኪሎ ነው 3 ሰዓት? ለካ አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ በሰው እጅ የምልከው ቡና ነበር። ትዝ ሲለኝ ሰውየው ጅማን ለቆ ሄዷል። በጣም ነው የቆጨኝ።

በአማርኛ «መ» ብቻዋን ምንም አትናገርም። መግዛት፣ መክፈል፣ መደወል፣ መውሰድ ሁሉም በእሷ ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ ማስታወሻ ስታሳጥሩ ግሱን በትእዛዝ ጻፉት፦ ግዛ፣ ክፈል፣ ደውል። ሁለት ሦስት ፊደል ስለሆነ ማሳጠርም አያስፈልገው። ስሙን እንደፈለጋችሁ ቁረጡት፣ ግሱን ግን አትንኩት።

ቁጥርም ብቻውን አይቀመጥ። «3 ኪሎ» ወይም «ጠዋት 3» በሉት። ስልክ ላይ የምትመዘግቡ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በብዙ ስልክ ላይ 9 ነው።

የቆየ ማስታወሻ አልፈታ ካላችሁ ፊደሉ ላይ አትፍጠጡ። ከላይና ከታች ያለውን መስመር አንብቡ። የዚያን ቀን የስልክ ጥሪዎቻችሁንም እዩ። ከማን ጋር እንዳወራችሁ ስታዩ ነገሩ ብዙ ጊዜ ይመጣል።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ የዕለቱን ማስታወሻ አንዴ ቃኙት። ጉዳዩ ትኩስ ሳለ «ቡ»ን «ቡና» ማድረግ ጊዜ አይፈጅም።