ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ሰው ደሙ ሲያንስ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ምልክቱ

ቫልቩ ከተቀየረለት ወራት ወይም ዓመታት ያለፉት ሰው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ፊቱ ይገረጣል። የዓይኑ ነጭ ክፍል ወደ ቢጫ ካደላና ሽንቱ እንደ ወፈረ ሻይ ከጠቆረ ደግሞ ተራ ድካም ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚታዘዘው የብረት ክኒን ነው። ክኒኑን መስጠት ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ደሙ የት እንደሄደ ሳይጠየቅ መስጠቱ ነው።

ደም እየፈሰሰ ነው ወይስ እየፈረሰ?

ሜካኒካል ቫልቭ ያለው ሰው ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ስለሚወስድ በቅድሚያ የአንጀት መድማት ይጣራ። የብረት ክኒን ራሱ ሰገራን ስለሚያጠቁር በቀለሙ ብቻ መወሰን አይቻልም። ሽንቱ የጠቆረበት ሕመምተኛም «ዋርፋሪኑ አደማኝ» ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም አደራ እላለሁ፤ ቫልቩ ላይ የሚረጋው ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

ሽንቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። የመመርመሪያው ወረቀት «ደም አለ» ይላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቀይ ሕዋስ የለም፣ ወይም እጅግ ጥቂት ነው። ሽንቱን በማሽን አሽከርክረው ከቱቦው ሥር ቀይ አተላ ካልዘቀጠና ፈሳሹ እንደቀላ ከቀረ፣ የወጣው ሕዋሱ ሳይሆን ከፈረሰው ሕዋስ የተለቀቀው ሄሞግሎቢን (ለደም ቀይ ቀለም የሚሰጠው ፕሮቲን) ነው።

በደም ምርመራ ኤልዲኤች (ሕዋስ ሲሰበር የሚለቀቅ ኢንዛይም)፣ ቢሊሩቢን (ዓይንን የሚያበጫው ቀለም) እና ሬቲኩሎሳይት (ገና ያልበሰለ ቀይ ሕዋስ) ይጨምራሉ፤ ሃፕቶግሎቢን (የተለቀቀውን ሄሞግሎቢን የሚይዝ ፕሮቲን) ይወርዳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። በስላይድ ላይ የራስ ቁር የመሰሉ፣ ሦስት ማዕዘን የሆኑ የሕዋስ ስብርባሪዎች ይታያሉ። የኩምብስ ምርመራ ነጌቲቭ ከሆነ ሕዋሱን የሚያፈርሰው የሰውነት መከላከያ አለመሆኑን ያመለክታል። ደም ሲቀዳ ሕዋስ ከተሰበረ ግን ኤልዲኤች በሐሰት ስለሚጨምር ናሙናው ይደገም።

ምክንያቱ

ጤነኛ ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል። በሜካኒካል ቫልቭ ውስጥ ሲያልፍ ጥቂቱ ቢሰበር ያለ ነው፤ ሰውነት ይተካዋል። ደም እስኪያንስ ድረስ ሲሰበር ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቫልቩ ቀለበትና በልብ ሥጋ መካከል ስፌቱ የለቀቀበት ቦታ ነው።

የውሃ ጎማ አፍ በጣት ሲጠብ ውሃው እንዴት እንደሚስፈነጠር አስቡ። ደሙም በጠባቧ ስንጥቅ እንዲሁ ተወርውሮ ሕዋሱ ይቦጫጨቃል። ስለዚህ ትንሽ ቀዳዳ ከትልቅ የበለጠ ሕዋስ ልታፈርስ ትችላለች፤ «ፍሳሹ ቀላል ነው» የሚል የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤት ነገሩን አይዘጋውም። በደረት በኩል የሚሠራው ኢኮ በተለይ በማይትራል ቫልቭ (በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ባለው) ላይ በብረቱ ጥላ ይጋረዳል። ጥርጣሬው ካለ በጉሮሮ በኩል የሚሠራው ይጠየቅ።

ስፌቱን ያላላው ኢንፌክሽን ሊሆንም ይችላል። ትኩሳት ካለ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ተህዋስ መኖሩን የሚያጣራ ምርመራ) ይወሰድ። የረጋ ደም ወይም ያደገ ጠባሳ የቫልቩን መዝጊያ ሲይዘው፣ ወይም ቫልቩ ለሰውየው ሲጠብም ተመሳሳይ ችግር ይፈጠራል።

መፍትሄው

ብረት በሽንት ስለሚባክን፣ ፎሊክ አሲድም መቅኔው አዲስ ሕዋስ ለመሥራት ስለሚጨርሰው ሁለቱም ይተካሉ። ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት) የደሙን ግፊያ ስለሚያለዝብ አንዳንዶችን ይረዳል፤ የደም ማነሱ ከከፋ ደም ይሰጣል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ የኤችቢኤዋንሲ (ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳይ ምርመራ) ውጤቱ ከእውነቱ በታች ሊያሳይ እንደሚችል ይወቅ፤ ሕዋሱ ዕድሜውን ሳይጨርስ ስለሚሞት ነው።

ይህ ሁሉ የባከነውን ይተካል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም። ደም በተደጋጋሚ መውሰድ ካስፈለገ ወይም ልብ መድከም ከጀመረ በድጋሚ ቀዶ ሕክምና ወይም በደም ሥር በሚገባ ቱቦ ቀዳዳውን መድፈን ይታሰባል። ከተደፈነ በኋላም ሽንቱ ጠራ ብሎ መተው አይበቃም፤ የቀረች ጠባብ ስንጥቅ መፍረሱን ልታባብሰው ስለምትችል ሄሞግሎቢንና ኤልዲኤች ይደገሙ።