ኬኦቲክ ኔትወርኮችን ማናበብ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትስስሩን ማጥበቅ ሁልጊዜ ይጠቅማል ብሎ ማሰብ። ኖዶቹ፣ ማለትም እርስ በርስ የተያያዙት ኬኦቲክ (ለጥቃቅን ልዩነት እጅግ ስሱ የሆኑ) ሲስተሞች፣ አልናበብ ካሉ፣ እንቅስቃሴያቸው አንድ አልሆን ካለ፣ የትስስሩን ጥንካሬ መጨመር፣ አሁንም እምቢ ካሉ እንደገና መጨመር። ከሁሉም ሥር የሰደደው ስህተት ይህ ነው። ፔኮራና ካሮል እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ማስተር ስታቢሊቲ ፈንክሽን (በተናበቡ ኖዶች መካከል የሚፈጠር ትንሽ ልዩነት ይደግ ወይስ ይጥፋ የሚለካ፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ይጠፋል) የኖዱን ባሕርይ ከኔትወርኩ ቅርጽ ለይቶ ያያል። ቅርጹ የሚነበበው ማን ከማን እንደተያያዘ ከሚመዘግበው የላፕላሲያን ማትሪክስ (የቁጥር ሠንጠረዥ) አይገንቫልዩዎች፣ ማለትም ከሠንጠረዡ ከሚሰሉ መለያ ቁጥሮች ነው፤ ከዜሮው በቀር እያንዳንዳቸው በትስስሩ ጥንካሬ ተባዝተው ፈንክሽኑ ኔጌቲቭ በሆነበት ክልል ውስጥ መውደቅ አለባቸው። የሮስለር ሲስተሞችን (ኤክስ፣ ዋይና ዜድ የተባሉ ሦስት ተለዋዋጮች ያሉት የታወቀ የኬኦስ ሞዴል) በኤክስ ተለዋዋጭ ስናያይዛቸው ይህ ክልል ከታችም ከላይም የተዘጋ ነው። ጥንካሬው የላይኛውን ወሰን ሲያልፍ ተናበው የነበሩት ኖዶች ይበታተናሉ። በዋይ ብናያይዛቸው ግን የላይኛው ወሰን የለም። ያው ሲስተም፣ ያው ኔትወርክ፤ የተለወጠው የተያያዘው ተለዋዋጭ ብቻ ነው! ስለዚህ ክልሉ የተዘጋ ከሆነ ጥንካሬውን ከመነካካት በፊት ትልቁን አይገንቫልዩ ከዜሮ በላይ ላለው ትንሹ ማካፈል ይቀድማል። ውጤቱ የክልሉ የላይኛው ወሰን ለታችኛው ሲካፈል ከሚገኘው ከበለጠ የትኛውም ጥንካሬ አያናብባቸውም፤ መስተካከል ያለበት ቅርጹ ነው።

በኖዶች መካከል ያለው መንገድ ካጠረ መናበቡ ይቀላል ማለት። ጥቂት ኖዶች አብዛኛውን ግንኙነት የያዙበት ኔትወርክ አማካይ ርቀቱ አጭር ሆኖ ሳለ ለመናበብ አስቸጋሪ ሊሆን እንደሚችል ኒሺካዋ፣ ሞተርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 አሳይተዋል። ትልቁ አይገንቫልዩ ከትልቁ ኖድ የግንኙነት ብዛት በታች አይወርድምና፣ ከላይ ያየነው የማካፈል ውጤት ሊተልቅ ይችላል።

ጥያቄውን ሳይለዩ የሚቆጣጠሩትን ኖድ መምረጥ። ዋንግና ቼን እ.ኤ.አ. በ2002 ስኬል-ፍሪ ኔትወርክን (ጥቂት ኖዶች እጅግ ብዙ፣ አብዛኞቹ ጥቂት ግንኙነት ያላቸውን) ለማረጋጋት ብዙ ግንኙነት ያላቸውን ጥቂት ኖዶች መያዝ በዘፈቀደ ከመምረጥ በጣም እንደሚሻል አሳዩ። ሊዩ፣ ስሎቲንና ባራባሺ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 መሪ ኖዶች (ኔትወርኩን ለመንዳት ከውጭ ግፊት የሚሰጣቸው) ከእነዚሁ ትልልቆቹ የመሸሽ አዝማሚያ እንዳላቸው አገኙ። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አይጣሉም፤ የመጀመሪያው አንድ የተመረጠ ሁኔታ ላይ ማርጋትን፣ ሁለተኛው ሊኒየር ሲስተምን ወደተፈለገው ሁኔታ ሁሉ መንዳትን ነው የሚጠይቀው። አንዱን ለሌላው ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ግን የተለመደ ነው። አቅጣጫ ባለው ኔትወርክ ውስጥ ከማንም የማይቀበል ኖድ ካለ እሱን ራሱን መያዝ ግድ ይላል።

ኬኦስን በጉልበት ማፈን። ኦት፣ ግሬቦጊና ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳዩት በአትራክተሩ (ሲስተሙ በጊዜ ሂደት በሚዞርበት የሁኔታዎች ስብስብ) ውስጥ ካሉት ያልተረጋጉ ዑደቶች አንዱን ለመያዝ በትክክለኛው ሰዓት ትንሽ ግፊት ይበቃል።

የሲሙሌሽንን ዜሮ፣ ማለትም በኖዶቹ መካከል ልዩነት አልቀረም የሚለውን ውጤት፣ ማመን። የኮምፒውተር ቁጥር አሃዙ ውሱን ስለሆነ ሁለት ኖዶች በአጋጣሚ አንድ ቁጥር ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ ከዚያ በኋላ አይለያዩም። ኖዶቹን በጥቂቱ አለያይቶ፣ ትንሽ ኖይዝ (የዘፈቀደ ረብሻ) ጨምሮ፣ መነሻውን እየቀያየሩ ማስኬድ ያስፈልጋል። ተሻጋሪው የልያፑኖቭ ኤክስፖነንት (በኖዶቹ መካከል ያለው ትንሽ ልዩነት የሚያድግበት ወይም የሚጠፋበት ፍጥነት) በአማካይ ኔጌቲቭ ሆኖም ልዩነቱ ለረጅም ጊዜ ትንሽ ሆኖ ከቆየ በኋላ በድንገት ሊፈነዳ ይችላል፤ አጭር ሩጫ ይህን አያሳይም።